ኤርፖርት ተቀባዩ የሚያወርሰው ሥራ

ዲቪ ደርሶት ወይም ቤተሰብ ጠርቶት አሜሪካ የገባ ሐበሻ በሦስተኛው ወር ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የትምህርት ማስረጃውን ማየት አያስፈልግም። ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን የተቀበለው ሰው ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይበቃል። ተቀባዩ ፓርኪንግ ከሆነ እንግዳውም ፓርኪንግ ይገባል። ኡበር ከሆነ መኪና ይፈለግለታል። የትራክ ሰው ከሆነ "ሲዲኤል አውጣ፣ ሌላ ነገር አትስማ" ይባላል። ተቀባይዋ አረጋውያን ቤት የምትሠራ እህት ከሆነች ደግሞ የሲኤንኤ ኮርስ ምዝገባው ሳምንት አይሞላውም። አገር ቤት ኬሚስትሪ ያስተማረውም፣ ባንክ የሠራውም፣ መንገድ ሥራ ላይ የኖረውም ያንኑ ሳሎን ውስጥ ያለውን ሥራ ይወርሳል።

በዚህ መሳቅ ተገቢ አይደለም። ይህ መንገድ ስንትና ስንት ቤተሰብ አቁሟል። በአንድ ወቅት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ተሳፍሮ አማርኛ የሚናገር ሾፌር አለማግኘት ነበር የሚያስገርመው። ፈተናው የት እንደሚሰጥ፣ የትኛው አሠሪ ደመወዝ እንደሚያዘገይ፣ የትኛው የመኪና ኢንሹራንስ እንደሚረክስ ያለ ክፍያ የሚነግር ዘመድ ማግኘት ለአዲስ ገቢ ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩ ዘመድ ማውረስ የሚችለው የሚያውቀውን ብቻ መሆኑ ነው። የማያውቀው ሥራ፣ ክፍያው እጥፍ ቢሆን እንኳ፣ በዚያ ሳሎን ውስጥ ስሙ አይነሳም።

እጥፍ የሚለው ቃል ለማጋነን የገባ አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ የእያንዳንዱን ሙያ መካከለኛ ገቢ ያወጣል፤ መካከለኛ ማለት ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኝበት መጠን ነው። የ2024ን ብንወስድ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከባድ ትራክ ሾፌር መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 57 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ቤት ለቤት አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሠራተኞች 35 ሺህ እንኳ አይሞላም። በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ አሳንሰር የሚገጥምና የሚጠግን ሠራተኛ 106 ሺህ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ 92 ሺህ፣ የአልትራሳውንድ ባለሙያ 89 ሺህ ዶላር ገደማ ያገኛሉ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም የአራት ዓመት ዲግሪ አይጠይቅም።

ሐበሻው ለምን እዚያ የለም የሚለው ከመነሳቱ በፊት፣ ያለበት ቦታ ምን እየሆነ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ዘመድ ለዘመድ በሚያወርሰው ሥራ ላይ አንድ ክፉ ጠባይ አለ፦ ወሬው ለሁሉ ሲዳረስ ገበያው ሞልቷል። ኡበር ዋሽንግተን የገባው በ2011 መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ታክሲ የተያዘው በሐበሻ ስለነበር ጉዳቱም በዋናነት የሐበሻ ሆነ። ኒውዮርክ ላይ በ2014 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው የታክሲ ፈቃድ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ወደ ሁለት መቶ ሺህና ከዚያም በታች ሲወርድ፣ በብድር የገዙት ስደተኛ ሾፌሮች ዕዳው ላይ ቀሩ። ከዚያ ትራክ መጣ። በ2021 የጭነት ዋጋ ሲሰቀል "ትራክ ገዝተህ ራስህን ቻል" የማይባልበት ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም አልነበረም። ከ2022 አጋማሽ በኋላ ዋጋው ወረደ፤ የትራኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን ባለበት ቀረ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ከጁን 25፣ 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ አስቁሞ በእንግሊዝኛ ያነጋገረው ሾፌር መመለስ ካልቻለ ከሥራ ውጭ ይደረጋል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጥገኝነት ጠይቀው የሚጠብቁ ሰዎች የያዙትን ዓይነት ሲዲኤል የሚያጠብ ደንብ ወጥቶ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር አስነስቷል። ከተማ ውስጥ ለሚነዳውም ቢሆን ዋይሞ የተባለው ሾፌር አልባ ታክሲ ዋሽንግተን ላይ በ2026 ሥራ ለመጀመር ማቀዱን ካሳወቀ ቆይቷል። መንዳት ነገ ይጠፋል ማለት አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ ግን እንጀራውን በሙሉ መሪ ላይ አስሮ መኖር የለበትም።

ወደ አሳንሰሩ እንመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ሥራ ከሁሉም በላይ የተደበቀ ነው። ቤቴስዳ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሮዝሊን፣ ታይሰንስ የሚኖር ሰው በቀን አራት አምስት ጊዜ አሳንሰር ይጠቀማል፤ ማን እንደሚጠግነው ግን አስቦት አያውቅም። ሲበላሽ "ተበላሽቷል" የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ሲሠራ ወረቀቱ ይነሳል፣ በመሀል የገባውን ሰው ማንም አያየውም። ያ ሰው የበሩን ሞተር ያስተካክላል፤ አብዛኛው ብልሽት በሩ ላይ ነው። የብረት ገመዱን ይለካል፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ይፈትሻል፣ አሳንሰሩ ከልክ በላይ ቢፈጥን አንቆ የሚያስቆመውን መሣሪያ ይሞክራል። ተንቀሳቃሽ ደረጃም የእሱ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት አካባቢ ያለው የዊተን ሜትሮ ጣቢያ ደረጃ 70 ሜትር ርዝመት አለው፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ካሉት አንድ ወጥ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ረጅሙ ነው። እሱ ቆሞ በእግር መውጣት ግድ ሲሆን የሚረገመው ሜትሮ ነው፤ የሚጠግነው ሰው ስንት እንደሚከፈለው የሚጠይቅ የለም።

ክፍያው ከፍ ያለበት ምክንያት ምስጢር የለውም። ሥራው ወደ ሌላ አገር ሊላክ አይችልም። አሳንሰር በየጊዜው እንዲፈተሽ ሕግ ያስገድዳል፣ በብዙ ግዛቶችም ያለ ፈቃድ መንካት ክልክል ነው። ሠራተኛው ጠንካራ ዩኒየን አለው። ወደ ሙያው የሚገባውም እየሠራ በመማር ነው፤ አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ቀን ከባለሙያ ጋር ይሠራል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይማራል፣ ደመወዙ ከሙሉ ባለሙያ ግማሽ ገደማ ይጀምርና በየዓመቱ ይጨምራል። ለመግባት የሚጠየቀው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው መሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የንባብና የሒሳብ ፈተና፣ ስለ መሣሪያ መጠነኛ እውቀት እና ቃለ መጠይቅ ነው። ሒሳቡ አገር ቤት አሥረኛ ክፍልን በደንብ የጨረሰን ሰው አያስፈራም። የሚያስቸግረው የመሣሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ስም ነው፤ እሱ ደግሞ የአንድ ወር ጥናት ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን አለመደበቅ ይሻላል። በመላው አሜሪካ ያሉት የአሳንሰር ሠራተኞች 25 ሺህ ገደማ ናቸው፣ በዓመት የሚከፈተው ቦታም ሁለት ሺህ አካባቢ ነው። የከባድ ትራክ ሾፌር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ "ሁላችሁም አሳንሰር ግቡ" የሚል ሰው ልክ እንደ ትራኩ ሌላ መንጋ እየፈጠረ ነው። ሥራው ከፍታ ያስፈራው ሰው የሚችለው አይደለም፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ መሥራት አለበት፣ ሌሊት ስልክ ይደወላል፣ ሰው ይጎዳበታል፣ አንዳንዴም ይሞትበታል። ያም ሆኖ ከአንድ ትልቅ ማኅበረሰብ በዓመት ሃያ ወጣት እዚያ ቢገባ በአሥር ዓመት ሁለት መቶ ቤተሰብ ነው። እነዚያ ሁለት መቶዎቹም በተራቸው ኤርፖርት ሄደው የሚቀበሉት ሰው ይኖራቸዋል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ሥራ ለትራክ ሾፌሮች በተለይ የሚነገር ነገር አለው። መስመር ዘርግቶ የሚጠግን ሠራተኛ ለመሆን የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው ሲዲኤል እንዲኖረው ይጠየቃል፣ ባልዲ ያለውን ከባድ መኪና ወደ ምሰሶው የሚነዳው እሱ ራሱ ስለሆነ። ብዙ አሜሪካዊ ወጣት ለዚህ ሥራ ሲል ሲዲኤል ለማውጣት ወራት ያጠፋል፤ ሐበሻው ሾፌር ሲዲኤሉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ያንን በር አያውቀውም። ሥልጠናው በሥራ ላይ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ደመወዙ ከመጀመሪያው ቀን ይከፈላል። የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ ደግሞ ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ የሚታይ ነው፤ ዳለስ ኤርፖርት ዙሪያ ያሉት መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንፃዎች የዳታ ማዕከላት ናቸው፣ በዓለም ላይ ትልቁ ክምችታቸውም እዚያው ነው። አዲስ ገቢው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ በአጠገባቸው ያልፋል። መብራት የሚያደርስላቸው መስመርም፣ ውስጣቸው ያለው ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣም ሰው ይፈልጋል። ማዕበል ሲመጣ ሁሉም ቤቱ ሲገባ የመስመር ሠራተኛው ይወጣል፤ የኦቨርታይሙ ገንዘብ የሚመጣውም፣ አደጋውም የሚከፋው ያኔ ነው። ሦስት ልጅ ያለው የአርባ አምስት ዓመት ሰው ምሰሶ ላይ ይውጣ ማለት ጭካኔ ይሆናል። የሃያ ሦስት ዓመት ልጁ ግን ሌላ ነገር ነው።

አልትራሳውንዱ ይበልጥ የሚመለከተው እህቶችን ነው። ለዓመታት ሲኤንኤ ሆና የሠራች ሴት በሽተኛ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ሲፈራ እንዴት እንደሚናገሩት ታውቃለች። ይህ እውቀት በአነስተኛ ደመወዝ ታስሮ የሚቀርበት ምክንያት የለም። የሁለት ዓመት ፕሮግራሙ ሜሪላንድ ላይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ላይ የኖቫ ስፕሪንግፊልድ ካምፓስ ይሰጣል። ሁለቱም ሐበሻ የማያጣቸው የመንግሥት ኮሌጆች ናቸው። መግቢያው ቀላል አይደለም፤ የሰውነት ክፍሎች ጥናትና መሠረታዊ ፊዚክስ አስቀድሞ በጥሩ ውጤት ማለፍ ይጠይቃል፣ ለጥቂት ወንበር ብዙ ሰው ይወዳደራል። የሚያጓጓው ነገር ደግሞ ጉድጓድ ይኖረዋል፤ በክፍያቸው ጆሮ የሚያቃጥሉ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ። ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ፕሮግራሙ ካሄፕ በሚባለው አካል እውቅና አለው ወይ? ከሌለው ተመራቂዋ ኤአርዲኤምኤስ የሚባለውን የሙያ ፈተና ለመቀመጥ ሌላ ረጅም መንገድ ይጠብቃታል፣ ሆስፒታሎች የሚጠይቁት ደግሞ ያንን ነው።

አገር ቤት ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ ያጠና ሰው የውሃና የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራን ቢያስብ አይከፋም። ዋሽንግተን ውስጥ ያለው ብሉ ፕሌንስ ከዓይነቱ በዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ፍሳሽ ያጣራል። መካከለኛ ገቢው 58 ሺህ ገደማ ነው፤ ከትራክ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ማታ ቤት መግባት መቻሉ፣ የጤና ኢንሹራንሱ እና ጡረታው ነው። ከትራክ ወርዶ ጀርባውን ይዞ የተቀመጠ ሰው ይህን ልዩነት ያስረዳል።

ታዲያ ሰው ለምን አይገባም? "ስለማያውቅ" ብሎ ማለፍ ግማሹን ብቻ መናገር ነው። ሌላው ግማሽ ዌስተርን ዩኒየን ፊት ያለው ሰልፍ ነው። አዲስ ገቢው አንድ ወር ሳይሞላው የእናት መድኃኒት፣ የእህት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የተበደሩት የቲኬት ገንዘብ ይጠብቁታል። ኡበር ዛሬ ሠርቶ ዛሬ ገንዘቡን ማውጣት ይቻላል። ለአራት ዓመት ሥልጠና "ቆዩኝ" የሚባል ቤተሰብ በጣም ጥቂት ነው። ፈጣኑን ገንዘብ የመረጠ ሰው ሞኝ አይደለም፤ የሌሎች ሸክም አለበት። ለዚህ ነው የሥራ ዓይነት ዝርዝር ብቻ እየጻፉ መለጠፍ ትርጉም የሌለው። ዝርዝር የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ሐበሻው ግን ለዚህ የራሱ መሣሪያ አለው። ዕቁብ ትራክ ገዝቷል፣ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ከፍሏል፣ ሬስቶራንት ከፍቷል። ዕቁብተኞች ሠርግ ላለበት ዕጣ እንደሚያስቀድሙት ሁሉ፣ የአልትራሳውንድ ትምህርት ለጀመረች እህት ዕጣውን ቢያስቀድሙላትስ? የሁለት ዓመቱን ኪራይ ሸፍና፣ ስትመረቅ ዕጣዋን እየከፈለች ትጨርሳለች። ይህ ልመና አይደለም፣ የራሷ ገንዘብ ነው የሚቀድምላት። አሳንሰሩና መስመሩ ደግሞ እየከፈሉ የሚያስተምሩ ስለሆኑ ጉድለቱ ከዚያ ያነሰ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ከኡበር ላይበልጥ ይችላል፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን መራቅ ይጀምራል።

ስም የሚባለውም ነገር አለ። ሠርግ ላይ "ልጅህ ምን ይሠራል?" ሲባል "አይቲ ነው" ማለት ያምራል፤ "አሳንሰር ይጠግናል" ሲባል ጠያቂው ዝም ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም በእኛው አቆጣጠር ካወጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ አዋጁ አትላንቲክን ለመሻገር የዘገየ ይመስላል። በሺህ የሚቆጠር ዶላር ለአጭር የአይቲ ኮርስ ከፍለው፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሠራተኛ በገፍ ሲቀንሱ ወደ መሪያቸው የተመለሱ ሰዎች በየከተማው አሉ። ኮርሱ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ግን ስሙ ሲያምር ማንም ስለ ክፍት ቦታው ብዛት አልጠየቀም።

ዋናው ጥፋት የማኅበረሰቡ ተቋማት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየዓመቱ ጁላይ ላይ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ውድድር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ስታዲየም ዙሪያ ይሰበስባል። አዲስ አበባ ላይ አፓርትማ የሚሸጥበት ድንኳን፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥበት ድንኳን፣ ሽሮና በርበሬ የሚሸጥበት ድንኳን አለ። አንድ የዩኒየን የሥልጠና ክፍል ጠርቶ ድንኳን ማቆም ምን ያስቸግራል? እነዚህ ክፍሎች ራሳቸው ሰው ፈልገው ወደ ትምህርት ቤቶች የሚሄዱ ናቸው፣ ተጋብዘው እምቢ የሚሉበት ምክንያት አይታይም። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም እሁድና ዓርብ ስንት መቶ ወጣት ፊታቸው ይቀመጣል። ማስታወቂያ ሲነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነው።

እነዚህ ሙያዎች ውስጥ የገቡ ሐበሾች፣ ጥቂትም ቢሆኑ፣ አሉ። አንዳንዶቹ ስለ ሥራቸው አያወሩም፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ይሆናል። አንድ ማታ ቴሌግራም ላይ ድምፃቸውን ከፍተው ፈተናው ላይ ምን እንደመጣ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ምን እንደተጠየቁ፣ በመጀመሪያው ክረምት ጉድጓድ ውስጥ ምን እንዳጋጠማቸው ቢያወሩ አንድ ሰዓት የማይሞላ ነገር ነው። አድማጩ ደግሞ በዚያው ሌሊት ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ። የአሳንሰር ሥልጠናው ማመልከቻ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ የየአካባቢው ቅርንጫፍ ሲፈልግ ከፍቶ ከአጭር ጊዜ በኋላ ይዘጋዋል፣ ያለፉት በነጥባቸው ተራ ተሰልፈው እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። ቀኑ የሚወጣው የሥልጠና ፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ኤርፖርት ተቀባዩ ገብቶበት በማያውቀው ገጽ።